የወታደሩ ዘፈን የማን ነው?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ቪዲዮ በቴሌግራም ደረሰኝ። የላከልኝ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ወታደር ነው፤ ከገባ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል። ቪዲዮው ላይ ድንኳን ተጥሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ከፊት የክብር እንግዶች ተቀምጠዋል። አንድ ድምፃዊ በኪቦርድ ታጅቦ ይዘፍናል። ዜማውን ገና ሲጀምር አወቅሁት። ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው ጓደኛዬ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ አጠገቡ የተኙትን ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ ቀድቶ ልኮልኝ ነበር። ከግጥሙ ሁለት ስንኝ እነሆ፦

የእናቴ ነጠላ ጥጥ ነው ጠረኑ፣
ፈረቃው ሲያበቃ ይነጋል ቀኑ።

ድንኳኑ ውስጥ የተዘፈነው ግን እንዲህ ሆኗል፦

የእናት አገር ሰንደቅ ደም ነው ጠረኑ፣
ጠላት ሲደመሰስ ይነጋል ቀኑ።

ሰንደቅ ጠረን አለው እንዴ? የለውም። ቀያሪዎቹ ነጠላውን ሲያነሱ ጠረኑን ማንሳት ረሱ። ዘፈኑ ሲያልቅ አስተዋዋቂው ድምፃዊውን በስም ጠርቶ አስጨበጨበለት፣ ኪቦርድ ተጫዋቹንም ጠራ፤ «ግጥምና ዜማ በክፍሉ አባላት» ብሎ ወደሚቀጥለው ዝግጅት አለፈ። ጓደኛዬ ከቪዲዮው ሥር የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እናቴን አገር አደረጓት።» ከዚያ የሳቅ ምልክት።

እኔ ሳቄ አልመጣም። ደወልኩለት። «ተው ባክህ፣ ምን ታደርገዋለህ» አለኝ። «ዋናው ወንድሞቼ ጨፍረውበታል።» ስለዚህ ልጽፍ እንደሆነ ስነግረው ፈቀደልኝ፤ ስሙንና ክፍሉን ግን እንዳልጠቅስ ለመነኝ። ስሙ ጠፋበት ብዬ የምሟገትለትን ሰው ስም ራሴ ደብቄ ልጽፍ ነው። ነገሩ የቱን ያህል እንደተበላሸ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እስቲ ከየት እንደመጣን ልንገራችሁ። ያደግነው አቃቂ ነው። አቃቂን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ የድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር የሚያልፍበት የፋብሪካ ሰፈር ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ መለዋወጫ። እኛ ቤት ሰዓት የሚቆጠረው በፈረቃ ነበር። የጓደኛዬ እናት የሌሊት ፈረቃ ሲሆኑ ጠዋት ይገባሉ፤ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ነው። ሻይ ሳይጠጡ ይተኛሉ። እሳቸው ሲተኙ አንድ ክፍል የሆነችው ቤት ውስጥ ሁሉም በእግሩ ጣት ይሄዳል። ጓደኛዬ በሹክሹክታ መዝፈን የተማረው ያኔ ነው፤ ካምፕ ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም። ፋብሪካዎቹ አዲስ ሰው አይቀጥሩም ነበር። ውትድርና ገባ። ያኔ «አገሬን ስለምወድ ነው» ብሎኛል፤ ደመወዝም ስለሚያስፈልገው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን ውሸት አያደርገውም። ዛሬ ኦራል ነጂ ነው። ዜማ የሚመጣለት መሪ ላይ ሆኖ እንደሆነ ይነግረኛል፤ የሞተሩ ድምፅ ፋብሪካውን ያስታውሰዋል። ማታ ከሥራ ሲወጣ ስልኩ ላይ ይጽፋል። እስካሁን የላከልኝን ስቆጥር ከሃያ በላይ ዘፈን አለው። አንዱ ስለ ውሃ ወረፋ ነው። አንዱ ባቡር ስለማይመጣበት ሐዲድ ነው። አንዱ ከፋብሪካ በር ላይ ቆሎ ስለምትሸጥ ልጅ ነው። ስለ ጦርነት የጻፈው አንድም የለም።

እንግዲህ የምከራከረው ነገር አንድ ነው። ወታደር ጉልበቱን፣ ጊዜውን፣ ካስፈለገም ሕይወቱን ለመስጠት ቃል ገብቷል። ሰፈሩን ለመስጠት ግን ቃል አልገባም። እናቱንም። የጻፈው ዘፈን የራሱ ነው፤ ስሙ ይጠራበት፣ ቃሉ ሳይጠየቅ አይቀየር። ይህን ባልኩ ቁጥር የሚመልሱልኝ አራት አምስት መልስ አለ፤ አንድ በአንድ ልያቸው።

1. «ወታደርና ዘፈን ምን አገናኘው?»

ይህን የሚል ሰው ሠርጉ ላይ ማን ሲዘፍንለት እንደጨፈረ አያውቅም ማለት ነው። ዘመናዊ የምንለው ሙዚቃችን በአብዛኛው ካምፕ ውስጥ ያደገ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የነሐስ መሣሪያ መጣ። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አስመጥተው የነሐስ ባንድ አቋቋሙ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛው፣ ምድር ጦሩና ፖሊሱ የየራሳቸው ኦርኬስትራ ኖራቸው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ የክቡር ዘበኛ ናቸው። ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ የፖሊስ ናቸው።

ማሕሙድን ለይታችሁ ተመልከቱት። የመርካቶ ልጅ ነው። ጫማ ጠርጓል። ከዚያ አሪዞና በሚባል ክለብ የእጅ ሥራ እየሠራ ሳለ፣ አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሲቀሩ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፤ ዘፈነ፤ የክቡር ዘበኛ ባንድ ወሰደው። ይህ ተረት አይደለም፤ የአንድ የመርካቶ ሊስትሮ ታሪክ ነው። ካምፑ ለዚህ ልጅ ምን ሰጠው? ደመወዝ ሰጠው። መሣሪያ የሚጫወትለት ባንድ ሰጠው። የልምምድ ሰዓት ሰጠው። ሰፈሩ ሊሰጠው የማይችለውን ሁሉ ሰጠው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ በዚያ ዩኒፎርም ውስጥ ሆነው በአብዛኛው የዘፈኑት ስለ ምን ነበር? ስለ ፍቅር። ስለ ናፍቆት። ስለ ሄደችው ልጅ። ንጉሠ ነገሥቱን የሚጠብቀው ጦር ባንድ፣ ቅዳሜ ማታ ሕዝቡን ያስለቀሰው በፍቅር ዘፈን ነው። ለንጉሡ ልደት የተዘፈነውን ዛሬ ማን ያስታውሳል? የሚታወሰው ሌላው ነው።

ሽለላና ፉከራን ንቄ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወተው ሰምታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ። ሽለላ እንኳ ሕይወት የሚኖረው አንድ ሰው በራሱ ትንፋሽ ሲነፋው ነው። ተሰብሳቢ ኮሚቴ ሳክስፎን አይነፋም።

2. «ያኔም እኮ በትእዛዝ ነበር»

እውነት ነው፤ ያንን ዘመን ገነት አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። በታኅሣሥ 1953 በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሚመራው ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ ከሸፈ። ከዚያ ከታሰሩት አንዱ ጥላሁን ገሠሠ ነበር። በደመወዝ የያዘህ ተቋም ሲወድቅ አንተም አብረህ እንደምትወድቅ ያን ጊዜ ታየ።

የዘፈኑ ባለቤትነት ጉዳይም ያኔ የጀመረ ነው። ዘፋኙም ተጫዋቹም የተቋሙ ንብረት ያህል ነበሩ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን ደፍሮ የጣሰው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ነው፤ በ1961 ዓ.ም. አካባቢ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚሰማው ሙዚቃ ሰፊው ክፍል የተረፈው አንድ ሰው የተቋምን ሞኖፖል እምቢ ስላለ ነው። ካምፑ ዘፋኙን አሳደገው፤ ዘፈኑን ያተረፈልን ግን ከካምፑ ውጪ የቆመ ሰው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያቅተናል፤ ወይ ካምፑን እናመልካለን፣ ወይ ካምፑን እንረግማለን።

ከዚያ ደርግ መጣ። ቀበሌው ኪነት፣ ከፍተኛው ኪነት፣ ጦሩ ኪነት። ግጥም በመመሪያ ወረደ። በዚያ ዘመን የተሠሩና ዛሬም የምንወዳቸው የአገር ዘፈኖች የሉም አልልም፤ አሉ። ግን ልብ ብላችሁ ስሟቸው። ያልሞቱት ውስጡ ሰው ያለባቸው ናቸው። አንድ ወንዝ በስሙ አለ፣ አንድ አባት አለ፣ አንድ የተለየች ጓደኛ አለች። መፈክር ብቻ የነበሩት ከመፈክሩ ጋር ተቀብረዋል። የጓደኛዬን ነጠላ አንስተው ሰንደቅ የሰቀሉት ሰዎች ዘፈኑን ከፍ ያደረጉት መስሏቸው ይሆናል፤ የሠሩት ግን ቀብሩን ነው።

3. «ወታደር ለዘፈን የሚሆን ጊዜ የለውም»

እዚህ ላይ ከአገራችን ወጣ ብዬ አንድ ሰው ላሳያችሁ። ቢል ዊዘርስ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ስላብ ፎርክ በምትባል የዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ማዕድን ማውጫ መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ የማዕድን ሠራተኛ ነው። ሲናገር ይንተባተባል። አባቱ የሞተው እሱ ገና ልጅ ሳለ ነው። በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ገባ፤ ዘጠኝ ዓመት አገለገለ። የጓደኛዬን ታሪክ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ይመስላል፤ የድሃ ሠራተኛ ልጅ፣ ሌላ በር ሲዘጋ የወታደር ልብስ የለበሰ።

ከባሕር ኃይል ከወጣ በኋላ ሎስ አንጀለስ ሄዶ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ሥራው የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት መግጠም ነበር። እየሠራ ዘፈን ጻፈ። የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲወጣ 32 ዓመቱ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ የምሳ ዕቃውን በእጁ ይዞ ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ሊን ኦን ሚ» የሚለው ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ያ ዘፈን ከየት መጣ? ከዚያች የከሰል መንደር። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚደግፍባት፣ ጨው ያለቀበት ከጎረቤት የሚበደርባት መንደር። አቃቂ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ልብ በሉ፤ ዘጠኝ ዓመት ባሕር ኃይል ውስጥ ነበር፤ ግን ማንም ስላብ ፎርክን ከሱ አልወሰደም። ሲወጣ ይዟት ወጣ። ስለ ወታደርም ዘፍኗል። በቬትናም ጦርነት ቀኝ እጁን ስላጣ አንድ ልጅ የሚናገር ዘፈን አለው፤ ልጁ በግራ እጁ መጻፍ ስለማይችል ሌላ ሰው ለእናቱ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ይለምናል። ያም ወታደር የሚጠራው እናቱን ነው። ማንም መጥቶ ያችን እናት አገር አላደረጋትም። ስለዚህም ነው ከሃምሳ ዓመት በኋላ አቃቂ ላይ ተቀምጬ ስሰማው የሚገባኝ።

አሁን ወደ ጊዜው ጥያቄ ልመለስ። ወታደር ጊዜ የለውም ማለት ግማሽ እውነት ነው። ጓደኛዬ ተረኛ ሆኖ ግጥም ይጻፍ የሚል እብድ የለም፤ እሱ ራሱ አይቀበለውም። ኦራል እየነዳ ስልክ ይዞ ቢጽፍ መጀመሪያ የምቆጣው እኔ ነኝ። የሚፈልገው ከሥራ ውጪ ያለችውን አንድ ሰዓት ነው። ሌላው ወታደር ካርታ ይጫወትባታል፣ ኳስ ያይባታል፣ ለሚስቱ ይደውልባታል። እሱ ይጽፍባታል። ሚዛኑን ራሱ ጠብቆታል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ።

ከጊዜ ይልቅ የሚጎዳው ርቀቱ ነው። ከሰፈር የሚመጣ ዘፈን ሰፈር ካልታየ ይደርቃል። «መንገዱ እየጠፋኝ ነው» አለኝ አንድ ቀን። የምን መንገድ ብዬ ጠየቅሁት። «ከፋብሪካው በር እስከ ቤታችን ያለውን። ጥግ ላይ የነበረው የጀበና ቡና ከወፍጮ ቤቱ በፊት ነው በኋላ?» ይህን ለማወቅ መምጣት አለበት። የዓመት ፈቃድ ለሁሉም ወታደር ዕረፍት ነው፤ ለእሱ ደግሞ ከዕረፍትም በላይ ነው። ሰፈሩም ቆሞ አይጠብቀውም። ባቡሩ ቀርቷል፣ ብዙዎቹ የልጅነታችን ግንቦች ፈርሰዋል፣ ቆሎ ሻጯ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ስለ አቃቂ የፈረቃ ሌሊቶች የሚጽፍ ሌላ ሰው ካለ አሳዩኝ። ይህን የሚያስታውሰው ምናልባት ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ብርድ ልብስ ውስጥ የተኛ አንድ ሾፌር ነው።

4. «ዩኒፎርም ለብሶ የጻፈው የመንግሥት ነው»

ይህ መልስ ሕግ የሚያውቅ ሰው መልስ ይመስላል፤ ስለዚህ በሕጉ እንነጋገር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት የሚፈጥረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ ቀጣሪው ነው ይላል። በሥራው ምክንያት! የጓደኛዬ ሥራ ምንድን ነው? ኦራል መንዳት ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለመሪው እንጂ ለስንኙ አይደለም። የማርሽ ባንድ አባል ሆኖ፣ ታዞ፣ በሥራ ሰዓት የጻፈው ማርሽ ቢሆን ክርክሩ ሌላ ነበር። ማታ ስለ እናቱ የጻፈውን ግን የየትኛው የሥራ መደብ ግዴታ ነው ልትሉት ነው?

ደግሞ ገንዘቡን ትተን እንኳ፣ ሕጉ ሌላም ነገር ይላል። የገንዘብ ጥቅሙ የማንም ይሁን የማን፣ ደራሲው ደራሲ ተብሎ የመጠራት መብት አለው፤ ሥራውም ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲቆራረጥና ሲጣመም የመቃወም መብት አለው። ይህ መብት ስሙ የሞራል መብት ነው። አዋጁ ላይ «ከወታደር በቀር» የሚል አላየሁም። «ግጥምና ዜማ በክፍሉ አባላት» ማለት እንግዲህ ትሕትና አይደለም። የአንድን ሰው ሥራ ለሁሉም አከፋፍሎ ለማንም አለመስጠት ነው።

የምስጢር ጉዳይ ያነሱልኝም አሉ። በጣም ትክክል፤ ወታደር የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደያዙ በዘፈን ሊናገር አይገባም። ግን የእናቱ ነጠላ ወታደራዊ ምስጢር ነው? የአቃቂ ውሃ ወረፋ ጠላት ቢሰማው ምን ያደርግበታል? ይሰለፍ?

5. «ሰው እየሞተ አንተ ስለ ግጥም ታወራለህ»

ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። ባለፉት ዓመታት በዚህ አገር ስንት እናት ልጇን እንደቀበረች ሁላችንም እናውቃለን። በየሰፈራችን ድንኳን ተጥሏል። ግጥም ከዚህ አንጻር ምንድን ነው?

መልሴ ይህ ነው። ድንኳኑ የሚጣለው ለ«ሠራዊት» አይደለም። ለእገሌ ነው፤ የእገሊት ልጅ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበረው፣ ኳስ በግራው የሚመታው። ሰው ሲሞት ስሙ ይመለስለታል። እኔ የምለው በሕይወት እያለም ስሙ ይኑረው ነው። በቁሙ «የክፍሉ አባላት» ውስጥ የሟሟ ሰው፣ ሲሞትም በቁጥር ውስጥ ለመሟሟት ቅርብ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚለምደው ሰው ገዳይም አዛዥም ብቻ አይደለም፤ እኛ አድማጮቹም እንለምደዋለን።

እስቲ ደግሞ በሌላ በኩል እንየው። በነዚያው ዓመታት ወታደር ያልሆኑ ዘፋኞች የወታደር ልብስ ለብሰው፣ የአሻንጉሊት በሚመስል መሣሪያ ክሊፕ ሲሠሩ ሁላችንም አይተናል። ተጨብጭቦላቸዋል፤ ስማቸውም በትልቁ ተጽፏል። ልብሱን ለአንድ ቀን የለበሰው ሰው ስም አለው፤ ስምንት ዓመት የለበሰው ስም የለውም። የተከራየው ልብስ የዘፋኙን ስም ካላጠፋ፣ የራሱ ልብስ የወታደሩን ስም ለምን ያጠፋል?

ራሴንም ልክሰስ። በፍሪላንስ ጋዜጠኝነት ከአሥር ዓመት በላይ ስሠራ ስለ ወታደሮች ጽፌአለሁ። ወደ ኋላ ሄጄ ጽሑፎቼን አየኋቸው። «ጀግናው»፣ «ሠራዊቱ»፣ «አባላቱ»፣ «ምንጮች»። በአንዱም ውስጥ ምን ይወዳል፣ የማን ልጅ ነው፣ ማታ ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅሁም። ነጠላውን ወደ ሰንደቅ የቀየረው ሰው ያደረገውን እኔም በስድ ንባብ ስሠራው ኖሬአለሁ። እሱ ቢያንስ ዜማው አልቀየረም።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ጥያቄዬ ትንሽ ነው፤ በጀት አይጠይቅም።

አንደኛ፣ በማንኛውም መድረክ ላይ የወታደር ግጥምና ዜማ ሲቀርብ የደራሲው ስም ይጠራ። ራሱ አይሁን ካለ ብቻ ይቅር። አንድ አስተዋዋቂ ሦስት ቃል ለመጨመር ትንፋሽ አያንሰውም።

ሁለተኛ፣ ቃል ከመቀየሩ በፊት ይጠየቅ። አለቃ የበታቹን ሲጠይቀው «እምቢ» ለማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም መጠየቁ በራሱ ለውጥ ነው፤ የተጠየቀ ሰው ባለቤት መሆኑ ታውቋል ማለት ነው። የአገር ዘፈን ከፈለጋችሁ የአገር ዘፈን ጻፍልን በሉት። ይጽፋል፤ ምናልባትም ጥሩ አድርጎ ይጽፋል። የእናቱን ዘፈን ግን ለእናቱ ተዉለት።

ሦስተኛ፣ የሚጽፍ፣ የሚዘፍን፣ መሣሪያ የሚጫወት ወታደር በየክፍሉ አለ። ያረጀ ኪቦርድም ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ስለ ሰፈራቸው የሚዘፍኑበት ምሽት ይኑር፤ ያለ መፈክር። የመርካቶው ሊስትሮ ማሕሙድ አሕመድን የሆነው የጦር ባንድ ደመወዝና ልምምድ ስለሰጠው ነው፤ ተቋሙ ይህን ማድረግ እንደሚችል ከራሱ ታሪክ ያውቃል።

አራተኛው ለእኛ ነው። ወታደር ሲዘፍን ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የማን ወገን ነው?» እያልን ነው። አንድ ጊዜ እንኳ «የየት ሰፈር ልጅ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ሲቀየር ዘፈኑም ሌላ ሆኖ ይሰማል።

ልጨርስ። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት አቃቂ ሄጄ ነበር። የጓደኛዬ እናት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። የድንኳኑን ቪዲዮ አላሳየኋቸውም። በሹክሹክታ የተቀዳውን ነው ያሰማኋቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ። ካለቀ በኋላ ድገምልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። እንባ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ጥጥ እኮ ሽታ የለውም» አሉኝ። «ነጠላዬ የሚሸተው የማሽኑን ዘይት ነበር። ስንቴ ባጥበው አይለቅም። እሱ ሕፃን ስለነበር ጥጥ መስሎት ነው። ስትደውልለት ዘይት ነው ብለህ ንገረው።»

ነገርኩት። በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «ልክ ናት፣ ዘይት ነው» አለኝ፤ ማታ እንደሚያስተካክለውም ነገረኝ። ቃሉን ለማስቀየር ማንንም ማስፈቀድ የማያስፈልጋት አንዲት ሰው ናት፤ እሷም አቃቂ ነው ያለችው። የቀራችሁት ጠይቁት።